አያቴን ያጠቡት ሰዎች

ሰው ከሞተ በኋላ የሚወደስበት ልክ ቢኖረው ጥሩ ነበር። አያቴ ካረፈ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ ገበያ ወጥቼ ሽንኩርት እንኳ በሰላም ገዝቼ አልገባም። "የምባህ ዱልካሚድ የልጅ ልጅ አይደለሽ? እንደሳቸው ያለ ሰው ይቺ ከተማ ሁለተኛ አታገኝም!" ይሉና አንድ እፍኝ ይመርቁልኛል። አመሰግናለሁ ብዬ እቀበላለሁ። ቤት ስደርስ የተመረቀልኝን ለጎረቤት እሰጠዋለሁ። አልበላውም። ለምን እንደማልበላው ከዛሬ አሥራ አንድ ቀን በፊት ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር።

ስሜ ወኒንግ ነው፤ በክዱንግፓሪ ጤና ጣቢያ ነርስ ነኝ። እናትና አባቴ ሥራ ፍለጋ ማሌዥያ የገቡት እኔ አራት ዓመት ሲሆነኝ ነው። እዚያ ተጣልተው ተለያዩ፤ እኔን ብሎ የተመለሰም የለም። ያሳደገኝ አያቴ ነው፤ ከተማው ሁሉ ምባህ፣ አያታችን፣ የሚለው። ጠዋት ጠዋት በረንዳው ላይ አስቀምጦ ፀጉሬን ያበጥርልኝ ነበር። "እኔ እስከ ዛሬ ያበጠርኩት ሁሉ ሬሳ ነው፣ ሬሳ ደግሞ አያማርርም፤ ካመመሽ ጩኺ" ይለኛል። ያመኝ ነበር። አንድ ቀንም አልጮህኩም።

አያቴ የከተማችን ሞዲን ነበር። ኒካህ ያስራል፣ ለሕፃን ስም ሲወጣ ዱአ ያደርጋል፣ ከሁሉ በላይ ግን ሬሳ አጥቦ ይገንዛል። አርባ አንድ ዓመት ሙሉ። በዝናብም ይሁን በጾም፣ ከደጅ "ምባህ!" የሚል ድምፅ ሲሰማ ከምግብ ላይ ይነሳል፤ የጎረሰውን ሩዝ እያኘከ የወጣበት ቀን ብዙ ነው። የሬሳ ሽቶ የሆነውን ካፉር፣ ጥጡንና ነጩን ጨርቅ በአሮጌ የብስኩት ቆርቆሮ ይዞ ይሄዳል። ውሃው ለብ ካላለ አያጥብም። "በጠዋት ቀዝቃዛ ውሃ ማን ይወዳል?" ይላል፣ ሟቹ የሚመልስለት ይመስል። ሲያጥብም፣ ወንዱን እንደ አባት ፓክ እያለ፣ ያወራቸዋል፦ "ፓክ፣ ክንድዎን ትንሽ ላላ ያድርጉልኝ። አይፍሩ፣ እኔ ነኝ።" ክንዱም ይላላ ነበር ይላሉ። እኔ ነርስ ነኝ፣ የሬሳ ክንድ ለምንና መቼ እንደሚላላ ተምሬያለሁ፤ እሱ ባይኖር ግን የሚላላ አይመስለኝም።

አንዴ ገበያ ውስጥ ሞተር ሲሰርቅ የተያዘ ወጣት ሕዝብ ቀጥቅጦ ገደለው። የየት አገር ሰው እንደሆነ የሚያውቅ ጠፋ፤ ሬሳው ፀሐይ ላይ ዋለ፤ ለመታጠቢያ ግቢውን የሚያውስ አልተገኘም። አያቴ በጋሪ ጭኖ ወደ እኛ ቤት አመጣው። ሴት አያቴ ያኔ በሕይወት ነበረች። "አንተ ሰውዬ፣ ሌባ ቤቴ ልታስገባ ነው?" ብላ ጮኸች።

"አሁን እንኳ ምንም አያነሳብሽም" አላት።

ለዚያ ልጅ ያወጣው ጥጥና ካፉር ለከንቲባው አባት ካወጣው አያንስም ነበር። ከደበደቡት ሰዎች ሁለቱ ቀብሩ ላይ መጥተው አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ። አያቴ አልተቆጣቸውም፤ አካፋ አቀበላቸው።

እንዲህ ያለ ሰው ነበር። ጻድቅ ነበር ግን አልልም። አንድ ሕግ ነበረው፦ ከመጋረጃው ጀርባ የታየ ነገር እዚያው ከመጋረጃው ጀርባ ይቀራል። በእኛ ዘንድ ሬሳ የሚያጥብ ሰው ያየውን ጠባሳ፣ ቁስልና ነውር ለሚስቱም አይናገርም፤ አብሮት ካጠበው ሰው ጋር እንኳ መልሶ አያነሳውም። በዚህ ሕግ ክፉኛ ተጣልተን እናውቃለን። የሩዝ ወፍጮ ቤት ውስጥ ሲሠራ የነበረ ልጅ ከደረጃ ወድቆ ሞተ ተባለ። ጀርባውን ጤና ጣቢያ ውስጥ አይቼዋለሁ፤ ከደረጃ የወደቀ ሰው ጀርባ አልነበረም። ለፖሊስ ተናገርኩ። ፖሊሱ አያቴን ጠየቀው። አያቴ "ልናገር የተፈቀደልኝ ነገር አላየሁም" አለ፤ ጉዳዩም በዚያው ተዘጋ።

"እርስዎም እኮ አይተዋል!" ብዬ ጮህኩበት።

"ንዱክ፣ እኔ አጣቢ ነኝ እንጂ ዳኛ አይደለሁም" አለኝ። ልጄ ሆይ እንደማለት ነው፤ ሲከፋው ብቻ ነበር እንዲያ የሚጠራኝ። ሦስት ቀን አላናገርኩትም።

አብረውት የሚያጥቡ አራት ሰዎች ነበሩ። ፓክ ጊቶ ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው፤ ግማሹን ከተማ ፊደል ያስቆጠረ። ፓክ ራኪማን ከአኩሪ አተር ቶፉ እየሠራ ይሸጣል። ካስቦላ የአያቴ ወጣት ረዳት ነበር፤ ዛሬ በእሱ ቦታ ሞዲን ሆኗል። አራተኛው ፓክ ሳሪዲን፣ መቃብር ቆፋሪና ብስክሌት ጠጋኝ፣ አያቴን ከወለደው አባቱ የማይለየው። እኛ ጋ ሬሳ የሚታጠበው ቤተሰቡ ጭኑ ላይ አስተኝቶት ነው፣ ሕፃን በእናቱ ጭን ላይ እንደሚታጠብ። ቤተሰብ ላጣ ሰው ጭኑን የሚሰጠው ሳሪዲን ነበር። የዚያን ሌባ ጭንቅላት ያቀፈውም እሱ ነው። ሚስቱ ቡ ቱሚኒ፣ ቡ እማማ እንደማለት ነው፣ መንገድ ዳር የሩዝ ገንፎ ትሸጣለች፤ ልጃቸው ራትሚ ከእኔ ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነው የተማረችው።

ከዚያ ወረርሽኙ በርትቶ ኦክስጅን የጠፋበት ዓመት መጣ። ከሰኔ አጋማሽ ጀምሮ በሦስት ሳምንት አሥራ ዘጠኝ ሰው ቀበርን። ሰዉ ሆስፒታል ፈርቶ ቤቱ ይሞታል፣ ከዚያ አያቴን ይጠራል። ከጤና ጣቢያው የመከላከያ ልብስ ሰርቄ አመጣሁለት፤ አዎ፣ ሰርቄ ነው። ሲያልቅ የዝናብ ካፖርት ለበሰ። መጀመሪያ ላይ ሊያስረዳቸው ሞክሮ ነበር። ታላላቆቹ የሃይማኖት ሰዎች፣ በእንዲህ ያለ ጊዜ ሬሳው በላስቲክ እንደተጠቀለለ ተየሙም ቢደረግለት ይበቃል ብለው ነበር። "አላህ ውሃ ያጣውን ሰው በአፈር ይቀበለው የለ? ይህም ያው ነው" እያለ ከበር በር ዞረ። በር ዘጉበት። አንዷ "አባቴን እንደ ዓሣ በላስቲክ ልትቋጥሩት ነው?" ብላ እግሩ ላይ ወደቀች። አላስቻለውም፣ አጠበላት። በስድስተኛው ቀን እሱንም ትኩሳት ያዘው። ያቺን ሴት ስንቴ እንደረገምኳት አላህ ይወቀው።

አያቴን ያስገባሁበት የአውራጃው ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ሰው ካርቶን አንጥፎ ተኝቶ ነበር። ነርስ በመሆኔ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ለአጭር ጊዜ አስገቡኝ። አያቴ ሲያየኝ የኦክስጅኑን ማስክ ገለጥ አደረገው።

"ወኒንግ፣ እንዳታጥቡኝ።"

"ምባህ፣ አሁን ይህን ማውራት ምን ያደርጋል?"

"አታቋርጪኝ፣ ትንፋሽ የለኝም። ሣጥኑ አይከፈት። ከመኪናው ወደ ጉድጓዱ፣ በቃ። አብረውኝ የሚያጥቡትን ልጆች አውቃቸዋለሁ፣ አያስችላቸውም። ሳሪዲን ደግሞ ይብሳል። ለሳሪዲን አንቺ ንገሪው።"

"እሺ።"

"ቃል?"

"ቃሌ ነው፣ ምባህ።"

ማስኩን መለሰና ዓይኑን ጨፈነ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ገለጠው። "ሰባት ቀን ሙሉ ውሃ አልነካኝም። ሸትቻለሁ አይደል?"

"ኧረ አልሸተቱም።"

"ውሸታም" አለኝ። ሊስቅ ሲል ሳሉ ቀደመው።

ያን ዕለት ወደ ማምሻው በሳሪዲን ደጃፍ በሞተር አለፍኩ። ግቢው ውስጥ ጎማ ሲጠግን አይቼዋለሁ፤ እጁንም አነሳልኝ። አልቆምኩም። ቆሜ ብነግረው አያቴ ይሞታል ብዬ መቀበሌ መሰለኝ። ነገ እነግረዋለሁ አልኩ። በማግሥቱ ጠዋት አያቴ ሞተ።

አምቡላንሱ መቃብሩ ጋ ሲደርስ ወደ ሠላሳ የሚሆኑ ወንዶች መንገዱን በቀርከሃ ዘግተው ጠበቁት። ነጭ የለበሱት የሆስፒታሉ ሰዎች አራት ነበሩ። ተለማመጡ፣ አስፈራሩ፣ በመጨረሻም መኪናው ውስጥ ገብተው በሩን ቆለፉ። "ይቺን ከተማ በሙሉ ያጠበ ሰው ነው! ማን መሰላችሁ?" ይላል አንዱ። "እሱን ሳናጥብ ብንቀብር ነገ በምን ዓይናችን ልንተያይ ነው?" ይላል ሌላው። ሣጥኑን በትከሻቸው አድርገው ወደ ቤታችን አመጡት። እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር።

ሳሪዲን የመጣው ከጉድጓዱ ወጥቶ ነው፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነበር። ሁሉንም በእጁ አስቁሞ ወደ እኔ ቀረበ።

"ወኒንግ፣ መጨረሻ ላይ ያየሻቸው አንቺ ነሽ። ምባህ የተዉት ቃል አለ? አታጥቡኝ ብለው ከሆነ ንገሪኝ፣ አሁኑኑ ወደ ጉድጓዱ እንመልሳቸዋለን። እኔ የሳቸውን ቃል አልጥስም።"

ፓክ ጊቶ፣ ፓክ ራኪማንና ካስቦላ ከኋላው ቆመው ነበር። ሁሉም አፍ አፌን ያዩኛል።

መልሱ አፌ ላይ ነበር። ግን ሣጥኑን አየሁት። በውስጡ ያለው ሰው ሰባት ቀን ያልታጠበ፣ ዳይፐር ታስሮለት የሞተ፣ በሦስት እጥፍ ላስቲክ የተቋጠረ መሆኑን ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። የሌባውን ፀጉር እንኳ ያበጠረ ሰው! ንጹሕ እንዲሆንልኝ ፈለግኩ፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

"ምንም አላሉም" አልኩ። "ደክሟቸው ነበር።"

እኔ ከመጋረጃው ውጭ ሆኜ ለብ ያለውን ውሃ በባልዲ አቀብል ነበር። ባቀበልኩ ቁጥር መጋረጃው ገለጥ ይላል፣ አያለሁ። ፓክ ጊቶ ማስክ በማስክ ላይ ደርቦ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ የመጋረጃውን ጫፍ ይዟል። ፓክ ራኪማን የውሃውን ጎማ ከሩቅ ይዟል። ካስቦላ ጓንቱን እስከ ክርኑ ስቦ እግሩ ጋ ነው። ሳሪዲን ብቻ እርጥቡ መሬት ላይ ተዘርፍጦ የአያቴን ጭንቅላት አቅፎታል። ማስኩ በእንባና በውሃ ርሶ አገጩ ላይ ወርዷል። አፉን ከፍቶ በጥጥ ይጠርግለታል፣ አፍንጫውን ይጠርግለታል፣ እየተንሰቀሰቀም ያወራዋል፦ "አንገትዎን ላላ ያድርጉልኝ፣ ምባህ። ይኸው አለሁ።" ሲጨርስ ግንባሩን ሳመው።

ማስክዎን ይመልሱት ማለት እንኳ አልቻልኩም። ነርስ ነኝ እኮ!

አያቴ ንጹሕ ሆነ፣ ይህን አልክድም። ቤቱ ካፉር ካፉር ሸተተ። ደስ አለኝ፤ እንዲያውም ከሞተ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ደህና ተነፈስኩ። ሶላቱ ሲያልቅ ካስቦላ እንደ ደንባችን ሕዝቡን "እኚህ ሰው እንዴት ያሉ ነበሩ?" ብሎ ሦስት ጊዜ ጠየቀ። ሦስት ጊዜም ግቢው ሙሉ በአንድ አፍ "ጥሩ ሰው!" ብሎ መለሰ። እኔም አብሬ ጮህኩ።

ሳሪዲን በአምስተኛው ቀን ሳል ጀመረው። አንድ ሲሊንደር ኦክስጅን ፍለጋ ሦስት ከተማ ዞሬ ባዶ እጄን ተመለስኩ። ቤቱ ስገባ ተቀምጦ እያለከለከ፣ "አትልፊ፣ እኔ አይቆጨኝም። ምባህ በእኔ ጭን ላይ ነው የታጠቡት። ደስ ብሏቸዋል፣ አውቃለሁ" አለኝ። ያኔም ልነግረው እችል ነበር። አልነገርኩትም። ሳሪዲን አያቴ በሞተ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሞተ። ልታስታምመው ከባሏ ቤት የመጣችው ራትሚ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። እሷ ከአባቷ አምስት ቀን በኋላ ሄደች፤ ልጁም በሆዷ እንዳለ። አባትና ልጅ ሁለቱም ከመኪና ወደ ጉድጓድ ወረዱ። ያኔ ሣጥን ልክፈት የሚል አንድ ወንድ አልተገኘም።

ሳሪዲን ከሬሳው ይያዘው፣ ግቢው ውስጥ ከታጨቀው ሕዝብ ይያዘው፣ ወይም ከመንገድ፣ ማንም በእርግጥ ሊናገር አይችልም። ሥራ ቦታ ብጠየቅ እንዲህ ብዬ ነው የምመልሰው። ለራሴ ግን እንዲህ ብዬ አላውቅም። ቡ ቱሚኒ ደግሞ በየኢዱ የኬተፓት ሩዝና ዶሮ ቋጥራ ትልክልኛለች። "ባሌ ታድሏል፤ የምባህን ጭንቅላት አቅፎ ነው የሄደው" ትላለች፣ ሰው በተሰበሰበበት። እኔ መሬት መሬት አያለሁ።

የአያቴ ሺኛ ቀን የደረሰው ከአሥራ አንድ ቀን በፊት ነው። ለሟች የምናደርገው የመጨረሻው ድግስ እሱ ነው፤ ከሦስተኛው፣ ከአርባኛውና ከመቶኛው ቀን በኋላ ሺኛው ይመጣል፣ ከዚያ በኋላ የለም። ከሰዓት በኋላ፣ የአስር ሶላት እንዳለቀ፣ ወንዶቹ በረንዳው ላይ በሰሌን፣ ሴቶቹ ሳሎን ውስጥ ተቀመጡ። ያሲን ተቀራ። ካስቦላ ዱአ አደረገ። ፓክ ጊቶ ተነስቶ አያቴን አወደሰ፣ የአስተማሪ ነገር፣ አልጨርስም አለ። "ምባህ ከእኛ የጠየቁት ነገር አልነበረም። እስከ መጨረሻዋ እስትንፋሳቸው ሰጪ እንጂ ጠያቂ አልነበሩም" አለ።

ይቺን ስሰማ መታገሥ አቃተኝ። የበሩ መቃን ላይ ቆምኩ። የቤተሰቡን ምስጋና ላቀርብ የተነሳሁ መስሏቸው ወደ እኔ ዞሩ።

"ምባህ አንድ ነገር ጠይቀው ነበር" አልኩ። "በሞቱበት ዋዜማ እንዳታጥቡኝ አሉኝ። ሣጥኑ አይከፈት አሉኝ። ቃል አስገቡኝ። ፓክ ሳሪዲን ሲጠይቀኝ ዋሸሁት። ምንም አላሉም ያልኩት ውሸቴን ነው።"

ሻይ የያዘችው ልጅ ትሪውን መሬት ላይ አስቀመጠችው። እስኪሰድቡኝ ጠበቅኩ፤ ከዚያች ደቂቃ በፊት ሺህ ቀን ሙሉ ጠብቄያለሁ።

ፓክ ጊቶ መነጽሩን አወለቀ። "ለእኔም ነግረውኝ ነበር" አለ።

"ምን?"

"ደውለውልኝ ነበር። ማክሰኞ ጠዋት። 'ጊቶ፣ እንዳታጥቡኝ' አሉኝ። እሺ አልኳቸው።"

"እኔም ጋ ደውለዋል" አለ ፓክ ራኪማን፣ ከሰሌኑ ላይ ዓይኑን ሳያነሳ።

ካስቦላ እጁን ፊቱ ላይ አደረገ። "ለእኔም" አለ። "አንተ ወጣት ነህ፣ አንተ አስቁማቸው አሉኝ።"

"ታዲያ እንዴት ዝም አላችሁ?" አልኩ። እኔ ራሴ ምን አፍ አለኝ!

ፓክ ጊቶ ነው የመለሰልኝ። "ሳሪዲን ሲጠይቅሽ አፍ አፍሽን እያየሁ ነበር። እሷ ትናገርና እኔ ልገላገል እያልኩ። አንቺ ምንም አላሉም ስትይ፣ እንግዲያው ለእኔ ብቻ ነው የነገሩኝ አልኩ። ምባህን ሳይታጠቡ ያስቀበረው ጊቶ ነው ከምባል ምላሴ ይቆረጥ አልኩ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ከመጋረጃው ጀርባ የሆነ ነገር ሆነ፤ ከእነዚህ ከሁለቱ ጋር እንኳ አንስተነው አናውቅም። ደንቡ ነዋ። እሳቸው ያስተማሩን ደንብ።"

አሳፋሪ ነው ግን እናገራለሁ፦ እፎይ አልኩ። ብቻዬን የተሸከምኩት ነገር አራት ቦታ ሲከፈል ተሰማኝ፣ ላለቅስም ነበር። ያኔ ከኋላዬ ከሴቶቹ መሃል የቡ ቱሚኒ ድምፅ መጣ።

"ለሳሪዲንስ?"

ሴቶቹ ወደ እሷ ዞሩ።

"ለሳሪዲንስ ማን ደወለለት? ስልኩ መቃብር ሲቆፍር ውሃ ውስጥ ወድቃበት ሁለት ሳምንት እኔ ጋ ደረቅ ሩዝ ውስጥ ነበረች። ማን ነገረው?"

ወንዶቹ እርስ በርስ ተያዩ። እነሱ አያውቁም። እዚያ ቤት ውስጥ የምናውቀው አንድ የሞተ ሰውና እኔ ነበርን።

"እኔ ነበርኩ" አልኩ። "ለሳሪዲን አንቺ ንገሪው ብለውኝ ነበር። ለሌሎቹ ራሳቸው ደውለው ኖሯል፤ ለእኔ የሰጡኝ እሱን ብቻ ነው። በደጃችሁ አልፌ ነበር፤ ግቢ ውስጥ ጎማ ሲጠግን አይቼዋለሁ። አልቆምኩም።"

ቡ ቱሚኒ ተነስታ በመሃላችን አልፋ በረንዳው ላይ ወጣች። እንኳን ልትጮህ ድምፅዋ ከፍ አላለም።

"ፓክ ጊቶ፣ ያን ቀን ሁለት ማስክ አድርገው ነበር አይደል?"

"አዎ።"

"ራኪማን ከሩቅ ነበርክ። ካስቦላ እግር ጋ።"

ሁለቱም ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ጭንቅላታቸውን ያልተነገረው ሰው ሲያቅፍ እያያችሁት ነበር።"

"እያየነው" አለ ፓክ ጊቶ። ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው ነው፤ እንደተማሪ ልጅ ቆሞ ነበር የመለሰላት።

"ቡ ቱሚኒ፣ ይቅር—" ብዬ ልጀምር ስል በእጇ አስቆመችኝ።

"ይቅርታ ጠይቂኝ አላልኩሽም፣ ንዱክ። ራትሚ ስትሞት ውሃ ወደ አፏ ያነሳሁላት እኔ ነኝ፤ አላህ የወሰነው ነው እያልኩ ነው እስከ ዛሬ የተኛሁት። አሁን ምን እያልኩ እንደምተኛ አላውቅም። እሱን ተዪው። ሳሪዲን ግን ምባህ ደስ ብሏቸዋል እያለ ነው የሞተው። ሺኛው ቀኑ ከዛሬ አሥራ ሁለት ቀን በኋላ ነው። ነፍሱ ከዚያ በኋላ ወደ ቤት አትመለስም። ከመሄዱ በፊት መጥተሽ ትነግሪዋለሽ። ከጅምሩ፣ አንድ ሳታስቀሪ። እናንተም ትመጣላችሁ።"

"እንመጣለን" አለ ካስቦላ።

"ከእሱ በአምስተኛው ቀን ደግሞ የራትሚ ሺኛ ነው። እዚያም ትደግሙታላችሁ።" ጫማዋን አጠለቀች። የድግሱን ምግብ የያዘ ካርቶን አንዷ ልትሰጣት ብትሞክር አልተቀበለችም። ደረጃውን ወርዳ ወደ እኔ ዞረች። "ጮክ ብለሽ ተናገሪ። እንዳሁኑ አታልጎምጉሚ። ሳሪዲን ጆሮው ከባድ እንደነበር ታውቂያለሽ።"

የሳሪዲን ሺኛ ነገ ከአስር ሶላት በኋላ ነው። አንድ ሳላስቀር እንድናገር ብዬ ነው ይህን ሁሉ የጻፍኩት። ዛሬ በሩን ዘግቼ ሦስት ጊዜ ጮክ ብዬ አነበብኩት፤ "ምንም አላሉም" ያልኩበት ቦታ ስደርስ ሦስት ጊዜም ድምፄ ጠፋ።